ያለፈ ጊዜ ግሥ፣ ኢንፊኒቲቭና ቅጽል፦ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገርን በትክክል ለማዋቀር

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው የግሦችን ያለፈ ጊዜ ቅርጽ አንድ በአንድ በቃሉ ከያዘ በኋላ እንኳ ዓረፍተ ነገሩ የሚሰናከልበት ቦታ አለ፤ ይኸውም ካለፈው ጊዜ ግሥ ቀጥሎ ያለው ቦታ ነው። «መማር ፈለገች» ለማለት «ሺ ዋንቲድ ቱ ስታዲድ»፣ «ደከመኝ» ለማለት «አይ ታየርድ»፣ «እንድመጣ ነገረችኝ» ለማለት «ሺ ቶልድ ዛት አይ ኬም» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ቃላት አላጠሩትም፤ ያልተደላደለለት ቃላቱ የሚሰለፉበት ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ደግሞ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው እኛ በቋንቋችን በአንድ ግሥ ጠቅልለን የምንናገረውን እንግሊዝኛ በሁለትና በሦስት ቃል ስለሚዘረዝረው ነው።

ይህን ማወቅ ጅማ ውስጥ ለብዙ ሰው የዕለት ጉዳይ ነው። ትምህርት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ተማሪው የታሪኩንም የባዮሎጂውንም መልስ የሚጽፈው በዚሁ ቋንቋ ነው። ቡና ነጋዴው ለውጭ ገዢ ስለ ናሙናው ሲጽፍ፣ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለእንግዳ የሚያስጎበኝ ወጣት የንጉሡን ታሪክ ሲያስረዳ፣ በዩኒቨርሲቲው የሕክምና ተማሪ የታካሚውን ሁኔታ ሲመዘግብ፣ ሁሉም የሚተርኩት ያለፈ ነገር ነው። የከተማችን ሰው በአመዛኙ አፋን ኦሮሞም አማርኛም ይናገራል፤ ሁለቱም ቋንቋዎች ዋናውን ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚያሳርፉ ችግሩ የሁለቱም ተናጋሪ ነው። «መሄድ ፈለገ» በአፋን ኦሮሞ «ዴሙ በርባዴ» ይባላል፤ በሁለቱም «ፈለገ» ኋላ ይመጣል። እንግሊዝኛ ግን «ፈለገ»ን አስቀድሞ «መሄድ»ን ያስከትላል።

ከዚህ በታች ያሉትን የእንግሊዝኛ ምሳሌዎች በራሳችን ፊደል የጻፍኳቸው አንባቢው በድምፅ እንዲያነባቸው ስለምፈልግ ነው። እያንዳንዱን ምሳሌ ካነበባችሁ በኋላ ደብተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ገልብጡት፤ መገልበጡ ራሱ የልምምዱ አንድ ክፍል ነው።

ጊዜውን የሚሸከመው የመጀመሪያው ግሥ ብቻ ነው

«ሺ ዋንቲድ ቱ ጎ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። «ዋንቲድ» ያለፈ ጊዜ ግሥ ነው፤ «ቱ ጎ» ደግሞ ኢንፊኒቲቭ፣ በእኛ ሰዋስው ንዑስ አንቀጽ የሚባለው ነው። ድርጊቱ ያለፈ መሆኑን የሚናገረው «ዋንቲድ» ብቻ ነው። «ቱ ጎ» መቼ እንደሆነ አይናገርም፤ ማን እንደሆነም አይናገርም። በአማርኛ «ልሄድ ወሰንኩ፣ ሊሄድ ወሰነ፣ ልትሄድ ወሰነች» ስንል ሁለቱም ግሦች ከባለቤቱ ጋር ይለዋወጣሉ፤ በእንግሊዝኛ ግን «አይ ዲሳይዲድ ቱ ጎ፣ ሂ ዲሳይዲድ ቱ ጎ፣ ሺ ዲሳይዲድ ቱ ጎ» እያለ ኢንፊኒቲቩ ሳይነካ ይቀጥላል። ስለዚህ «ቱ ዌንት» ወይም «ቱ ስታዲድ» ብሎ ነገር የለም። ይህ ስሕተት የሚመጣው ከስንፍና አይደለም፤ ተማሪው «ያለፈ ታሪክ ስትጽፉ ግሦቹን ሁሉ ወደ ያለፈ ጊዜ ለውጡ» የሚለውን ትእዛዝ አክብሮ ከሚገባው በላይ ስለሚፈጽመው ነው። ትእዛዙ መስተካከል ያለበት እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያውን ግሥ ለውጡ፣ ከ«ቱ» በኋላ ያለውን አትንኩ።

ኢንፊኒቲቭን የሚያስከትሉ ግሦች አብዛኞቹ ፊታቸው ወደሚመጣ ነገር የዞረ ነው፦ «ሆፕት» ተስፋ አደረገ፣ «ፕላንድ» አቀደ፣ «አግሪድ» ተስማማ፣ «ፕሮሚስት» ቃል ገባ፣ «ሪፊዩዝድ» እምቢ አለ፣ «ትራይድ» ሞከረ። «ኢንጆይድ»፣ «ፊኒሽት» እና «አቮይዲድ» ግን ኢንፊኒቲቭን አይቀበሉም፤ የሚያስከትሉት በ«ኢንግ» የሚያልቀውን ቅርጽ ነው። ስለዚህ አዲስ ግሥ ስትመዘግቡ ብቻውን ሳይሆን ከነተከታዩ መዝግቡት፤ «ፕሮሚስ» ብላችሁ ሳይሆን «ፕሮሚስ ቱ» ብላችሁ፣ «ኢንጆይ» ብላችሁ ሳይሆን «ኢንጆይ ሪዲንግ» ብላችሁ። ለ«ቻለ» ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን «ፈተናውን ማለፍ ቻልኩ» ለማለት «አይ ኩድ ፓስ ዘ ኤክዛም» እንላለን፤ እንግሊዝኛ ግን አንድ ጊዜ በጥረት ለተሳካ ነገር «አይ ማኔጅድ ቱ ፓስ ዘ ኤክዛም» ይላል። «ኩድ» የሚስማማው በቀድሞ ጊዜ ለነበረ ችሎታ ነው፤ እርሱም ሲመጣ «ቱ»ን አያስከትልም።

የጆሮ ጉዳይም አለበት። ተማሪው «ሆፕት ቱ» የሚለውን ሲሰማ «ሆፕ ቱ» ይመስለውና እንደሰማው ያለፈ ጊዜ ምልክቱን አስቀርቶ ይጽፋል። ምክንያቱም የ«ሆፕት» የመጨረሻ ድምፅና የ«ቱ» የመጀመሪያ ድምፅ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ይገናኙና አንድ ረዘም ያለ «ት» ብቻ ይሰማል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህን መለየት ሊከብደው አይገባም፤ «አለ» ሲላላና ሲጠብቅ ትርጉሙ እንደሚለወጥ የሚያውቅ ጆሮ፣ «ሆፕ ቱ» ላይ የላላውን «ት»፣ «ሆፕት ቱ» ላይ ደግሞ የጠበቀውን «ት» መስማት ይችላል። ከምትሰሙት የእንግሊዝኛ ዜና ላይ ጥብቀቱን እየለቀማችሁ ተለማመዱ።

አሉታውንም ከዚሁ ጋር መያዝ ይገባል። «ለመሄድ አልወሰነችም» እና «ላለመሄድ ወሰነች» በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ሁሉ በእንግሊዝኛም «ሺ ዲደንት ዲሳይድ ቱ ጎ» እና «ሺ ዲሳይዲድ ኖት ቱ ጎ» ይለያያሉ። በመጀመሪያው ያለፈ ጊዜን «ዲድ» ስለወሰደው «ዲሳይድ» እንኳ ወደ መነሻ ቅርጹ ተመልሷል፤ በሁለተኛው «ኖት» ከ«ቱ» በፊት ገብቷል። ከአማርኛው «ላለ» ጋር እያስተያያችሁ ብትይዙት አይጠፋችሁም።

ሌላ ሰው ሲገባ

ከሁሉ የሚከብደው «እንድ» ያለበት ዓረፍተ ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ ያስፈልጋል። «እንድጠብቅ ነገረችኝ» ስንል ጠባቂው ማን እንደሆነ «እንድጠብቅ» በሚለው ግሥ ውስጥ ተቀምጧል፤ «እንድትጠብቅ» ቢሆን ሌላ ሰው ነው። የእንግሊዝኛው ኢንፊኒቲቭ ግን ሰውን መሸከም እንደማይችል አይተናል። ስለዚህ ሰውየው የራሱ ቦታ ይሰጠዋል፤ ቦታውም በሁለቱ ግሦች መካከል ነው፦ «ሺ ቶልድ ሚ ቱ ዌይት»። የመጀመሪያው ግሥ፣ ከዚያ ሰውየው በተሳቢነት፣ ከዚያ «ቱ» እና ግሡ። በ«ቶልድ» እና በ«ሚ» መካከል ሌላ «ቱ» አይገባም፤ «ቶልድ ቱ ሚ» የምንለው «ለእኔ ነገረችኝ» ከሚለው አነጋገራችን የተነሣ ነው።

«ፈለገ» ላይ ደግሞ ስሕተቱ ይበረታል። «እንድመጣ ፈለገች» የሚለውን «ሺ ዋንቲድ ዛት አይ ካም» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ «እንድ»ን በ«ዛት» መተካቱ ነው፤ «ዋንቲድ» ግን «ዛት»ን በዚህ መልክ አያስከትልም። ትክክለኛው «ሺ ዋንቲድ ሚ ቱ ካም» ነው። «አስክት» ለመነ ወይም ጠየቀ፣ «አድቫይዝድ» መከረ፣ «ኢንቫይቲድ» ጋበዘ፣ «ዎርንድ» አስጠነቀቀ፣ «ሪማይንዲድ» አስታወሰ፣ «አላውድ» ፈቀደ፤ እነዚህ ሁሉ በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። «አስክት ቱ ዌይት» እና «አስክት ሚ ቱ ዌይት» በአንዲት ቃል ብቻ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው «ልጠብቅ ብሎ ጠየቀ»፣ ሁለተኛው «እንድጠብቅ ጠየቀኝ» ነው። ይህችን ቃል የዘለለ አስተርጓሚ የጠባቂውን ማንነት ይለውጣል።

የጅማ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሰጠናል። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የጅማ ንጉሥ ነበሩ፤ ለምኒልክ ለመገበር በመስማማታቸው ግዛታቸው በራሳቸው አስተዳደር ሥር ቆየ። ይህን ለእንግዳ የሚያስረዳ አስጎብኚ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይበቁታል፦ «አባ ጅፋር አግሪድ ቱ ፔይ ትሪቢዩት። ሜኒሊክ አላውድ ሂም ቱ ሩል ጅማ። ጅማ ሪሜይንድ አውቶኖመስ።» በመጀመሪያው ተስማሚውም ከፋዩም አንድ ሰው ስለሆነ በመካከል ማንም አልገባም። በሁለተኛው ፈቃጁ ምኒልክ፣ ገዢው አባ ጅፋር ስለሆኑ «ሂም» ቦታውን ይዟል። በሦስተኛው ያለፈ ጊዜ ግሡን የተከተለው ኢንፊኒቲቭ ሳይሆን ቅጽል ነው፤ ስለ እርሱ ወደ በኋላ እንመለሳለን።

ከዚህ ረድፍ የሚወጡ ሁለት ግሦች አሉ፤ «ሜድ» እና «ሌት»። «አስጠበቀችኝ» ለማለት «ሺ ሜድ ሚ ዌይት» ይባላል እንጂ «ሜድ ሚ ቱ ዌይት» አይባልም። «ሂ ሌት አስ ጎ» ደግሞ «እንድንሄድ ፈቀደልን» ማለት ነው፤ «ሌት» ባለፈ ጊዜም ቅርጹ ያው ነው። በአማርኛ «አስ» ወይም «አ» የሚል መነሻ ያለውን አስደራጊ ግሥ ስታገኙ መጀመሪያ ወደ «ሜድ» መሄድ ልማድ ይሁናችሁ፦ አስለቀሰኝ፣ «ሂ ሜድ ሚ ክራይ»፤ አሳቀችን፣ «ሺ ሜድ አስ ላፍ»።

ተከታዩ ትርጉሙን ሲለውጥ

«ሂ ስቶፕት ቱ ድሪንክ ኮፊ» እና «ሂ ስቶፕት ድሪንኪንግ ኮፊ» እኛ ዘንድ ሊምታቱ የማይገባቸው ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሰው ቡና ለመጠጣት ቆመ፤ መንገድ ላይ ነበረ፣ ስኒ ይዞ ተቀመጠ። ሁለተኛው ቡና መጠጣት አቆመ። አማርኛ ልዩነቱን በ«ቆመ» እና በ«አቆመ» ያሳያል፤ እንግሊዝኛ ግሡን ሳይለውጥ ተከታዩን ይለውጣል። «ለመ» ካለ «ቱ»፣ «መ» ብቻ ከሆነ «ኢንግ» ብላችሁ ይህን ግሥ ልትይዙት ትችላላችሁ፤ ለሌሎቹ ግሦች ግን ይህ መለያ አይሠራም።

«ሪሜምበርድ» እና «ፎርጎት» ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። «ሺ ሪሜምበርድ ቱ ሎክ ዘ ዶር» ማለት በሩን መቆለፍ እንዳለባት አስታውሳ ቆለፈች ማለት ነው። «ሺ ሪሜምበርድ ሎኪንግ ዘ ዶር» ግን አስቀድማ መቆለፏን ኋላ አስታወሰች ማለት ነው። «ፎርጎት ቱ» ሲሆን ድርጊቱ ጨርሶ አልተፈጸመም።

ያለፈ ጊዜ ግሥና ቅጽል

አማርኛ መሆንንና መለወጥን በአንድ ግሥ ይናገራል፦ ደከመኝ፣ ራበኝ፣ ጨለመ፣ ቀላ፣ ደረቀ፣ ጨቀየ። እንግሊዝኛ ለእነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ያለፈ ጊዜን የሚሸከም ግሥና ሁኔታውን የሚናገር ቅጽል። «ደከመኝ» «አይ ዋዝ ታየርድ»፣ «ራበን» «ዊ ወር ሀንግሪ»፣ «ጨለመ» «ኢት ጎት ዳርክ»፣ «መንገዱ ጨቀየ» «ዘ ሮድ ቢኬም ማዲ»፣ «የቡናው ፍሬ ቀላ» «ዘ ቸሪስ ተርንድ ሬድ» ይሆናል። «አይ ታየርድ» የሚለው ስሕተት ምንጩ ይኸው ነው፤ ተማሪው «ታየርድ»ን እንደ አማርኛው «ደከመ» ግሥ አድርጎ ስለሚያየው «ዋዝ»ን አያስገባም። «ታየርድ» መጨረሻው ያለፈ ጊዜ ግሥ ቢመስልም እዚህ ቅጽል ነውና ብቻውን ዓረፍተ ነገር አይሸከምም።

በስሜት ሕዋሳት የምንረዳውን የሚናገሩ ግሦችም ቅጽልን ያስከትላሉ፦ «ሉክት»፣ «ሳውንዲድ»፣ «ስሜልድ»፣ «ቴስቲድ»፣ «ፌልት»። ቡና የሚቀምስ ባለሙያን እናስብ። ማንኪያውን አፉ ዘንድ አድርሶ በኃይል ይስበዋል፣ ምላሱ ላይ ያዞረዋል፣ ከዚያ ይተፋዋል። ስለ ሰውየው ሥራ ስንጽፍ «ሂ ቴስቲድ ዘ ኮፊ ኬርፉሊ» እንላለን፤ «ኬርፉሊ» አቀማመሱን የሚገልጽ ተውሳከ ግሥ ነው። ስለ ቡናው ስንጽፍ ግን «ዘ ኮፊ ቴስቲድ ቢተር» እንላለን፤ «ቢተር» ቡናውን የሚገልጽ ቅጽል ነው፣ ቡናው ራሱ ምንም አልቀመሰምና። አንድ ዓይነት ግሥ፣ ሁለት ዓይነት ተከታይ። ስትጠራጠሩ በግሡ ቦታ «ዋዝ»ን አግቡ፤ «ዘ ኮፊ ዋዝ ቢተር» ስሜት ስለሚሰጥ ቅጽሉ ትክክል ነው። «ሂ ዋዝ ዘ ኮፊ» ግን ስሜት ስለማይሰጥ እዚያ የሚያስፈልገው ተውሳከ ግሥ ነው። ለናሙና ገዢ «ዘ ኮፊ ስሜልድ ዋንደርፉሊ» ብሎ ከመጻፍ ይህች አጭር ፈተና ታድናለች።

«ቦርድ» እና «ቦሪንግ» ሳይምታቱ ይያዙ፤ «አይ ዋዝ ቦርድ» ሰለቸኝ፣ «አይ ዋዝ ቦሪንግ» አሰልቺ ነበርኩ ነው።

ቅጽሉን ኢንፊኒቲቭ ሲከተለው

«ቤት ማግኘት ከበደኝ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ የሚወስድ ሰው ሦስት ነገር ማድረግ አለበት። ባለቤት የሌለው የሚመስለውን ዓረፍተ ነገር በ«ኢት» ይጀምራል፤ «ከበደ»ን «ዋዝ ሃርድ» ብሎ ይከፍላል፤ «ኝ» የምትለዋን ደግሞ «ፎር ሚ» ብሎ ያወጣታል፦ «ኢት ዋዝ ሃርድ ፎር ሚ ቱ ፋይንድ ኤ ሃውስ»። «ኢት» ምንም ባይጠቁምም መተው አይቻልም፤ እንግሊዝኛ ከትእዛዝ በቀር ያለ ባለቤት ዓረፍተ ነገር አይጀምርም።

ለስሜት ሲሆን ባለቤቱ ሰውየው ነው። «ስላየሁህ ደስ አለኝ» የሚለውን «አይ ዋዝ ሃፒ ቢኮዝ አይ ሶው ዩ» ብንለው ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን የቋንቋው ተወላጅ የሚለው «አይ ዋዝ ሃፒ ቱ ሲ ዩ» ነው። «ዜናውን ስንሰማ ተገረምን» «ዊ ወር ሰርፕራይዝድ ቱ ሂር ዘ ኒውስ» ይሆናል። የአማርኛው «ስለ» እና «ስ» እዚህ ወደ «ቱ» ይለወጣሉ፤ ይህን የለመደ ሰው እንግሊዝኛው ወዲያው ይቀልለታል።

መጠንን ለመናገር «ቱው» እና «ኢነፍ» አሉ። «ቱው» ድምፁ የረዘመው ነው፤ አጭሩን «ቱ» ከእርሱ መለየት ያስፈልጋል። «ዘ ኮፊ ዋዝ ቱው ሆት ቱ ድሪንክ» ማለት ቡናው ከመትኮሱ የተነሣ ሊጠጣ አልቻለም ማለት ነው፤ «ቬሪ ሆት» ቢባል ግን በጣም ትኩስ ነበር ከማለት አያልፍም፣ መጠጣት ይቻል ይሆናል። በክረምት አዌቱ ወንዝ ሲሞላ «ዘ ሪቨር ዋዝ ቱው ሃይ ቱ ክሮስ» እንላለን። መጨረሻው ላይ «ክሮስ ኢት» ብሎ ወንዙን መድገም ስሕተት ነው፤ «ልንሻገረው» ላይ ያለው «ው» ወደ እንግሊዝኛው አብሮ አይሄድም። «ኢነፍ» ደግሞ ከቅጽሉ በኋላ ነው የሚቀመጠው። የታጠበ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ሲወርድ ለመጋዘን ይደርሳል፤ ይህን «ዘ ቢንስ ወር ድራይ ኢነፍ ቱ ስቶር» ብለን እንጽፋለን። «ኢነፍ ድራይ» አይባልም።

ቅጽሉ ተሳቢውን ሲከተል

«ጨቀየ» የሚለውን «ቢኬም ማዲ» ካልን «አጨቀየ» የሚለውን ምን እንለዋለን? «ሜድ» ይመለሳል፦ «ዘ ሬይን ሜድ ዘ ሮድ ማዲ»። «ደስ አለኝ» «አይ ዋዝ ሃፒ»፣ «አስደሰተችኝ» «ሺ ሜድ ሚ ሃፒ»። «ኬፕት» እና «ሌፍት» በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፤ «ዜይ ኬፕት ዘ ቢንስ ድራይ»፣ «ሂ ሌፍት ዘ ዶር ኦፕን» በሩን ክፍት ትቶት ሄደ። የቅጽሉ ቦታ ትርጉም ስለሚለውጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «አይ ፋውንድ ኤ ዲፊከልት ኤክዛም» ከባድ ፈተና አገኘሁ ነው፣ አንድ ወረቀት ፈልጎ እንዳገኘ ሰው። «አይ ፋውንድ ዘ ኤክዛም ዲፊከልት» ግን ፈተናው ከበደኝ ነው።

ልምምዱን ከአማርኛ መጀመር ይሻላል፤ የምትጽፉት የምታውቁትን ነገር ይሆናልና። እንዲህ ያለ አንቀጽ ጻፉ፦ «ሐሙስ እናቴ ገበያ ለመሄድ ወሰነች። አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ። ሰማዩ የጠቆረ ይመስል ነበር፤ እርሷ ግን መጠበቅን እምቢ አለች። ዝናቡ መንገዱን ስላጨቀየው መራመድ ከበደን።» ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ያለውን ግሥ አስምሩበት፤ ወደ ፊት የሚመጣውና ያለፈ ጊዜን የሚሸከመው እርሱ ነው። «እንድ» ባለበት ሰውየውን አውጥታችሁ በመካከል አስቀምጡት። «ከበደ»፣ «አጨቀየ» የመሰሉትን ግሦች በግሥና በቅጽል ክፈሏቸው። ከዚያ ይህን ታገኛላችሁ፦ «ኦን ተርዝዴይ ማይ ማዘር ዲሳይዲድ ቱ ጎ ቱ ዘ ማርኬት። ሺ አስክት ሚ ቱ ጎ ዊዝ ኸር። ዘ ስካይ ሉክት ዳርክ፣ ባት ሺ ሪፊዩዝድ ቱ ዌይት። ኢት ዋዝ ሃርድ ፎር አስ ቱ ዎክ ቢኮዝ ዘ ሬይን ሜድ ዘ ሮድ ማዲ።»

የራሳችሁን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡትና «ቱ» በደረሳችሁበት ሁሉ ቆም በሉ። ከእርሱ በኋላ ያለው ግሥ ከሆነ በመነሻ ቅርጹ መሆኑን አረጋግጡ። ያለው የቦታ ወይም የሰው ስም ከሆነ ግን፣ «ቱ ዘ ማርኬት» ላይ እንዳለው፣ ያ «ቱ» «ወደ» ማለት ስለሆነ እንዳለ ተዉትና ወደሚቀጥለው እለፉ።